ለስቱዲዮ መጋረጃ ፍለጋ ወደ ጌሰርጊዮ

ኮንሶን ለማየት ብለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። እኔ የሄድኩት ለፎቶ ቤቴ ግድግዳ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ኮንሶ እርከንና ስለ ድንጋይ ካቡ ሊያነብ የተቀመጠ ሰው በኋላ እንዳይቀየመኝ ነው። እርከኑን አይቼዋለሁ፤ ያማረ ነው። ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ያን ጊዜ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ስለዚህ የማውቀው አገር ይኸው ነው። ፎቶ ቤቴ ሁለት ክፍል አላት። በፊተኛው ደንበኛ ይቀመጣል፤ በኋለኛው ፎቶ ይነሳል። በኋለኛው ክፍል ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎላታል። ካሜራው ከእሷ ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል። ምስሉ በስንት ርቀት ላይ እንደሚጠራ የሚወስነውን የሌንሱን ቀለበት ማንም እየነካካ እንዳያበላሽብኝ ሦስት ሜትር ላይ አድርጌ በቁስል ፕላስተር ካሰርኩት ዓመታት አልፈዋል። ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሌላ ስም ትሰጠዋለች።

ከበርጩማዋ ጀርባ መጋረጃው አለ። አቡጀዲ ላይ የተሣለ ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው አጠገብ ቪላ ቤት፣ ከቪላው ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ። ደረጃው የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። የሣለው ማቴዎስ ነው። ማቴዎስ ከአዋሳ ወጣ ብላ የምትገኘው የቱላ ልጅ ነው፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ይቆማል፤ ቀለም ያልነካው ሸሚዝ የለውም። የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ ለእኔ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ መጋረጃ ይሥላል። ከእኔ ጋር ሲሠራ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ችግሩ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ስቱዲዮ ሲከፈት ነው። ባለቤቱ ግድግዳ የሚያክል ፖስተር ከውጭ አስመጣ። የበረሃ ገደል ነው፤ ቀይ፣ ጥልቅ፣ ያለ አንድ ዛፍ። የአዋሳ ሰው ሐይቅና ዛፍ ሲያይ ውሎ ሲያይ ስለሚያድር ይሁን አላውቅም፣ ሁሉም በዚያ ገደል ፊት መቆም አማረው። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ገብታ የማቴዎስን ደረጃ ትኩር ብላ አየችና፣ «እዚያ ማዶ ያለው ይሻላል» ብላ ወጣች። ማቴዎስ ጥጉ ላይ ቀለም እየበጠበጠ ነበር። ቀና አላለም።

ጌሰርጊዮን የነገረኝ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ የመኪና ሹፌር ነው። ኮንሶ ውስጥ ከካራት ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከማዶው ፖስተር የማያንስ ቀይ ገደል እንዳለ፣ አስጎብኚዎች ማማ ማማውን እያዩ ኒው ዮርክ እንደሚሉት ማለልኝ። በዚያው ሳምንት ዕቅዴን አወጣሁ። በባለቀለም ፊልም አነሳዋለሁ፤ አዲስ አበባ ልኬ ግድግዳ የሚያክል አሳጥበዋለሁ፤ የጥር ሠርግ ሳይገባ እሰቅለዋለሁ።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ ማቴዎስ የለም። ፎቶው ከተሰቀለ መጋረጃ የሚሣልበት ምክንያት አይኖርም። እኔ ግን «ገደል ልናነሳ ነው፣ ዕቃ ታግዘኛለህ» ብቻ አልኩት። እሱም ለሥዕሉ መነሻ የሚሆን ፎቶ መስሎት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ግድግዳውን እሱ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት እሁድ ብቻዬን በሲባጎ ለካሁት።

ጥሩወርቅ ግን ያየችውን አይታለች። «ለማቴዎስ ነገርከው?» አለችኝ።

«መንገድ ላይ እነግረዋለሁ።»

«መንገድ ላይ ከምትነግረው እዚህ ብትነግረው አይሻልም? መሄድ አለመሄዱን ይመርጥ ነበር።»

ደብተሬን አውጥቼ የምይዘውን መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ባለሠላሳ ስድስት ባለቀለም ፊልም፣ የካሜራው ማቆሚያ፣ ጋቢ፣ ባትሪ፣ ለጾሙ ዳቦ ቆሎና በሶ። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን በታኅሣሥ መጀመሪያ ማክሰኞ ቀን ለመነሳት ቆረጥን። ካሜራውን ከቆመበት አውርጄ፣ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ወልውዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ቀን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ደረስን። ማቴዎስ ቀድሞኝ ደርሷል። ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው የጨርቅ ቦርሳ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኳኳል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ከፍቶ አሳየኝ። ፊልም የሚሸጥባቸው ባዶ የፕላስቲክ ብልቃጦች ናቸው፤ ከሃያ ይበልጣሉ። እኔ የምጥላቸውን ባለፉት ዓመታት ሁሉ እየለቀመ አጠራቅሟቸው ኖሯል።

«ምን ልታደርግባቸው ነው?»

«አፈር አመጣባቸዋለሁ፣ ጋሼ። ቀለሙን በዓይን ይዞ መመለስ ይከብዳል። ፎቶም ያታልላል።»

በዚህ ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ እኔም ወንበር ፍለጋ ገባሁ።

ሻሸመኔ ድረስ ያለው መንገድ አስፋልት ስለሆነ የሚጻፍ ነገር የለውም። ከሻሸመኔ በኋላ አቧራው ተጀመረ። አላባ ስንደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ የአውቶቡሱ ሰው በሙሉ ያስነጥሳል። ማቴዎስ መስኮቱን ከፍቶ ያያል። «ዝጋው፣ ፈጀን» ስለው፣ «ይቺን ቀይ እዩዋት እንጂ፣ ጋሼ» አለ።

ከአላባ አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን የኋላው ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫ ጎማው ደግሞ ራሱ ተንፍሶ ሞቷል። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ አላባ ሲመለስ እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። የካሜራውን ማቆሚያ በጋቢ ጠቅልዬው ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀስ ብለው ራቅ አሉ። ጠመንጃ መስሏቸዋል። ፈትቼ ሦስቱንም እግር ስዘረጋላቸው እንደ ገና ቀረቡና፣ «እንግዲህ ከዘረጋኸው አይቀር አንሳኝ» አሉ። የፊልሜ የመጀመሪያዋ ፎቶ እሳቸው ሆኑ። በእኛ አገር ካሜራ ከተገለጠ ሰው ሳያነሱ መዝጋት ነውር ነው፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ወላይታ ሶዶ ስንገባ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ከአዋሳ ይልቅ ይበርዳል፤ ሌሊቱን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው ያደርኩት። ለእራት ሽሮ አገኘሁ። ማቴዎስ ጥብስ አዘዘ፤ ግን እኔን ላለማስጎምጀት ፊቱን አዙሮ በላ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ማታ ሳልነግረው ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ከሶዶ አርባ ምንጭ መንገዱ ድንጋይ ነው። አውቶቡሱ እየዘለለ፣ እኛም ከእሱ ጋር እየዘለልን ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ካሜራውን ጉያዬ ውስጥ ሕፃን እንደ ታቀፈች ሴት ይዤው ነበር። ቁልቁል ስንወርድ የአባያ ሐይቅ ታየን። ውኃው ቀይ ነው። ከእኛ ሐይቅ ጋር የሚያመሳስለው ውኃ መባሉ ብቻ ነው። ማቴዎስ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «እኔ እንዲህ አድርጌ ብሥለው ኖሮ ሰው ተሳስቷል ይለኝ ነበር» አለ።

አርባ ምንጭ ገብተን ሲቀላ ሰፈር አልጋ ያዝን። ባለ ሆቴሏ ከአዋሳ መምጣታችንን ስትሰማ፣ «ዓሣ ታውቃላችሁ እንግዲህ» ብላ ጭን የሚያክል ዓሣ አስቆርጣ አመጣች። ማቴዎስ በአዋሳው ዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ከጀልባ ሲወርድ የምናየውን ዓሣ በእጁ እየለካ የእኛው የዚህኛው ልጅ እንኳ አይሆንም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ነገር የእኛ ሰዎች አይስማሙም። እኔ እናቴ ባሳደገችኝ መንገድ ሄጄ ተውኩት፤ ሴትየዋም ተቀይማ ሳይሆን አዝና ምስርና ጎመን ሠራችልኝ። በማግሥቱ ስንወጣ ለመንገድ ብላ አንድ ከረጢት ሙዝ ሞልታ ሰጠችን።

ሦስተኛው ቀን

ወደ ኮንሶ የሚሄድ አውቶቡስ በዚያ ቀን አልነበረም። የጨው ጆንያ በጫነ አይሱዙ ላይ ወጣን። ከላይ፣ ጆንያው መካከል፣ ራሱን በፎጣ የጠቀለለ ቀጭን ሰው ቦታ ሰጠን። መምህር ኩሲያ ይባላል፤ ጌሰርጊዮ አጠገብ ባለች ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ለሥራ ጉዳይ አርባ ምንጭ ወርዶ እየተመለሰ ነው። የምንሄድበትን ስነግረው ሳቀ።

«ፈረንጅ ነበር ለዚያ ብሎ የሚመጣ። ከአዋሳ የመጣ ሰው እናንተ የመጀመሪያ መሆናችሁ ነው። ማረፊያ አላችሁ?»

«ካራት አልጋ እንይዛለን።»

«ካራት አድራችሁ የጠዋት ፀሐይ አትደርሱበትም። እኔ ቤት ነው የምታድሩት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ማረፊያ አልተነሳም፤ ጉዳዩ አልቋል። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዛፉ እያጠረ ሄደ። ካራት ስንደርስ ገበያ ነበር። መምህር ኩሲያ ለቤቱ የሚገዛውን ገዛ። ደክሞን ስለነበር ያን ማታ የእሱ ዘመድ ቤት አደርን፤ ጠዋት በእግር ልንነሳ ተስማማን።

አራተኛው ቀን

ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማቴዎስ ሦስት ጊዜ ቆሞ ጠብቆኛል፤ በመጨረሻ ማቆሚያውንም፣ በሶውንም፣ ጋቢውንም ወስዶ እኔ ካሜራዬን ብቻ ይዤ ቀረሁ። እርከን ያልኳችሁ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የመምህር ኩሲያ ቤት በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ባለቤቱ ከማሽላ ዱቄት የተድቦለቦለ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ቀቅላ አቀረበችልን። ቅቤ የለበትም፤ ለጾም እንደ ተሠራ ነው። ማቴዎስ እናቱ በቅቤ የምታርሰውን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ እያነሳ ያሾፋል፤ ሳህኑን ግን ከእኔ በፊት ጨረሰ። ቀጥሎ ቸቃ፣ የማሽላ ጠላቸው፣ ትኩስ ሆኖ በትልቅ ቅል መጣ። ማቴዎስ በሃይማኖቱ አይጠጣም። የቀረበ ቅል መመለስ ደግሞ ደግ አይመስልም። የእሱንም ድርሻ እኔ ጠጣሁለት። ይህን ለጓደኝነት ያደረግሁት ብቸኛ ነገር ብዬ በዚያን ጊዜ ስቆጥረው ትዝ ይለኛል።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ገደሉ ጫፍ ደረስን። ምን ልበላችሁ። መሬቱ ተሰንጥቆ ገብቷል፤ ከሥር ቀጭን ቀጭን የአፈር ማማዎች ቆመዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ጧፍ ይመስላሉ። ሥራቸው ቀይ፣ ወገባቸው ሮዝ፣ ጫፋቸው የክክ ዓይነት ቀለም ነው። የማዶው ፖስተር ሞቶ አየሁት። መምህር ኩሲያ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚሉትን ነገረን። የባላባቱ ከበሮ ተሰርቆ እዚህ ተቀበረ፤ እግዚአብሔር በጣቶቹ ቆፍሮ አወጣው፤ ይህ የጣቶቹ ፈለግ ነው።

ሥራ ጀመርኩ። ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳነሳ የኖርኩ ስለሆንኩ፣ ሰው ከፊቴ ከሌለ ጣቴ አይታዘዝልኝም። «ማቴ፣ እዚያ ቁም፣ የገደሉ መጠን እንዲታይ» እያልኩ በለመድኩት ርቀት ፊት ፊቴ አቆምኩት። ቀና በል፤ ትከሻህን አውርድ፤ አትተንፍስ። እንደ ጉርድ ፎቶ ደንበኛ አሰቃየሁት። እሱ በሌለበት ያነሳሁትም አለ፤ ሁለቱም ፊልሞች በማግሥቱ ጠዋት ከፀሐይ መውጫ ጋር አለቁ። ካሜራዬ ዓይን የሚያስጠጉባት መስኮቷ ከሌንሱ የተለየች ስለሆነች ሁሉም ነገር በእሷ ውስጥ ጥርት ብሎ ነበር የሚታየው።

እኔ ሳነሳ ማቴዎስ በትርፍ ጊዜው ገደሉን ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ቀለም ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል፤ ብልቃጡ ላይ በፕላስተር ወረቀት ይለጥፋል፤ «ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ»፣ «ማታ፣ ፀሐይ የመታው» ብሎ ይጽፋል። አንዱን ማማ ሲያይ እጁን አየር ላይ ያንቀሳቅሳል።

በዚያው በደረስንበት ቀን ምሽት፣ እራት ላይ መምህር ኩሲያ ማቴዎስን፣ «ሥዕሉ ስንት ቀን ይወስድብሃል?» ብሎ ጠየቀው።

ማቴዎስ ጉርሻውን ውጦ፣ «ሥዕል የለም፣ መምህር። ፎቶው ነው የሚሰቀለው» አለ።

ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚናገር ነው የተናገረው። መምህር ኩሲያ እኔንም እሱንም አየና ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ማውራት ጀመረ። ይህን ደግነቱን አልረሳውም።

አምስተኛው ቀንና መመለሻው

ወደ ካራት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ፣ እኔ ስለደከመኝ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ጠየቅሁት።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። እሁድ ግድግዳውን ለክተዋል። ሰኞ ስገባ የሲባጎው ሚስማር ቀዳዳ ነበረ፣ የእርሳስ ምልክትም ነበረ። ጋሼ፣ መጋረጃ ለብቻ ለክተን እናውቃለን? እርስዎ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ነው የምንይዘው።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን መጣህ?»

«እርስዎ ብቻዎን ይህን ሁሉ ተሸክመው አይደርሱም። ደግሞ…» አለና የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ። «ፏፏቴ አይቼ አላውቅም፣ ሥያለሁ። ደረጃ ያለው ቪላ ገብቼ አላውቅም፣ ሥያለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ከካሌንደር ላይ ስገለብጥ ኖርኩ። አንድ ነገር በዓይኔ ልይ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። ይቅርታ አልኩት። እሱም «ግድ የለም፣ ንግድ ነው» አለኝ፤ ይህ ደግሞ ከመቀየም ይብሳል። ይሁን እንጂ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ዕቅዴን አልቀየርኩም። የጥር ሠርግ በሩ ላይ ነበር፤ ፎቶ ቤቷ ሌላ ወር ባዶ ብትቀመጥ እኔም ጥሩወርቅም የምንገባበት የለንም። አርባ ምንጭ ስናድር፣ ሶዶ ስናልፍ፣ ስለ መንገዱና ስለ ሙዙ ብቻ አወራን። አዋሳ መናኸሪያ ስንወርድ ማቆሚያውን እቤት ድረስ አድርሶልኝ ወደ ቱላ ሄደ። ብልቃጦቹን ይዞ ነው የሄደው።

ፊልሙን በማግሥቱ አዲስ አበባ ላክሁ። በሳምንቱ ትንንሹ ህትመት መጣ፤ ከእሱ መርጬ ነበር የግድግዳውን የማዘው። ፖስታውን ከፍቼ የመጀመሪያውን አወጣሁ። ገደሉ ፈዟል። ሁለተኛውም። የጠዋቱም፣ የማታውም። ሰባ ምናምን ፎቶ ውስጥ አንድ የጠራ ማማ የለም፤ ሁሉም በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ነው። ሦስት ሜትር ላይ የቆመ ሁሉ ግን የሸሚዙ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። የአላባዋ እናት የሻሻቸው ዘርፍ ይታያል። ማቴዎስ፣ ትከሻውን አውርዶ፣ ሳይተነፍስ፣ በሃያ ስምንት ፎቶ ላይ እንደ መስተዋት ጠርቷል።

ካሜራውን ከፎጣው አወጣሁት። ፕላስተሩ ከእጄ ወዝ የተነሳ ጠቁሮ ከሌንሱ ጋር አንድ ሆኗል። በየቀኑ ስነካው ውዬ አላየሁትም። ጥሩወርቅ ከኋላዬ ቆማ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ለአንድ ቀን ሳትወቅሰኝ ማለፏን እንደ ስጦታ ቆጥሬዋለሁ።

ቱላ ሄድኩ። ማቴዎስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ታፔላ ይጽፍ ነበር። ፎቶዎቹን ሰጠሁት። አንድ በአንድ አያቸው።

«ፕላስተሩ» አለ።

«ፕላስተሩ» አልኩ። «እዚያ ሳለን አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም። እኔ ገደሉን ነበር የማየው።»

ከዚያ ልጠይቀው የመጣሁትን ጠየቅሁት። ማባበል አላወቅሁበትም፤ እንዲሁ «ሣልልኝ» አልኩት። ቡሩሹን አስቀመጠ።

«ስሜን እጽፍበታለሁ» አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት ስሙን ጽፎ አያውቅም። ከደንበኛው ጎን የሰው ስም ከታየ ፎቶው ይበላሻል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እሺ አልኩ።

«ታች፣ በስተቀኝ» አለ።

«እሺ አልኩህ።»

አቡጀዲውን አብረን ለካን፤ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ጫፍ። አፈሩን በወንፊት ነፍቶ ከኮላ ጋር እየለወሰ፣ በየብልቃጡ የጻፈውን እያነበበ፣ አሥራ አንድ ቀን ሣለ። ሲያልቅ መብራቱን አብርቼ ስቆም ክፍሉ ውስጥ የጌሰርጊዮ አፈር ሸተተኝ። ጥር ገባ። ወደ ማዶው ሊገቡ የነበሩ ሙሽሮች በበሩ ሲያዩት ወደ እኛ ተሻገሩ። ሁሉም አይደሉም፤ የሚበቃን ያህል ግን መጡ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ፣ ደግሞ ከጉዱማሌ የበዓል ሜዳ የሚመለሱት ቤተሰቦች በባህል ልብሳቸው እንዳሉ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ቆዳቸውና አፈሩ ሲገናኝ የሚሰጠውን ቀለም ማቴዎስ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስለኛል።

ፕላስተሩን ቀይሬ እንደ ገና ሦስት ሜትር ላይ አስሬዋለሁ፤ ለስቱዲዮ ትክክለኛው ርቀት እሱ ነው። የበርጩማዋን ምልክት ግን ከወለሉ ፍቄ አነሳሁት። ደንበኛው ሲቀመጥ፣ «ትንሽ ወደ እኔ ግራ ይበሉልኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለብርሃኑ ነው እላቸዋለሁ። እነሱ ወደ ግራዬ ሲሉ፣ በስተቀኝ፣ ከገደሉ ሥር፣ ማቴዎስ የሚለው ጽሑፍ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ያኔ ነው የማነሳው።